አንገቷን የማትደፋው የፉአቲኖ ልጅ

ፉአቲኖን ትሪ ይዛ ስትሄድ ማየት ነበር! እስከ አፉ ካካዎ የሞላ ማንቆርቆሪያ፣ ኩባያዎቹ፣ በኮኮናት ወተት የራሰ ጎደሬ የተቆለለበት ሳህን፣ ሁሉንም በአንድ ትሪ ችላ፣ ወገቧን አጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ቱሎ፣ ቱሎ» እያለች በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ስታልፍ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጎንበስ ሳይሉ፣ «ቱሎ» ብለው ይቅርታ ሳይጠይቁ በተቀመጠ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ማለፍማ የከብት ነው። በሩቁ ውቅያኖስ፣ በሳቫኢ ደሴት፣ በዚያ ዳርቻ ያሉ እናቶች ሴት ልጃቸውን ሲመክሩ፣ «እስቲ የኤሊያን ሚስት እያት» ይሉ ነበር።

እሷም ብትሆን ይህን ለጌጥ አልያዘችውም። ከማዶ መንደር ተድራ የመጣች ናት። ተድራ የመጣች ሴት በባሏ ወገኖች ቤት ቦታዋ ከኋላ፣ ከጭሱ ጋር ነው። ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁሉ ኋላ ትበላለች፤ ያጠፋች ቀን ደግሞ፣ «እነዚያ ምን አስተምረው ነው የላኳት?» ይባላል። ስሟን የሚያስከብርላት እጇና ጉልበቷ ብቻ ነው። ባሏ ኤሊያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓሣ ሲያጠምድ ማን ብሎት! አባቱ ፊት ሲቀርብ ግን ምላሱ ይታሰራል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ፣ እንደዚያ ነው። እንግዲህ አሴናቲን እግዜር የሰጠው ለዚህች ሴት ነው።

አሴናቲ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ አንዴ የሰማችውን የማትረሳ፣ ሲያዩዋት የምታሳሳ ልጅ ናት። ግን ትወድቃለች። ምንም በሌለበት ሜዳ ትወድቃለች። የሰሌን ጠርዝ ይጠልፋታል። ከቤቱ ደረጃ የምትወርደው በቂጧ እየተንሸራተተች ነው። ኳስ ሲወረውሩላት እጇ የሚጨብጠው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የሸሚዟን ቁልፍ ደግሞ በልኩ ቆልፋ አታውቅም። የትምህርት ቤት ልጆች በአንድ እግር እየዘለሉ ሲጫወቱ ዳር ትቆማለች፤ ደፍራ የገባች እንደሆነ፣ «ያዟት! ሰካራሟ መጣች! አሴናቲ ዛሬም ጠጥታለች!» እያሉ ይንከተከታሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ አብራቸው ትስቅ ነበር። ኋላ ግን መሳቁንም መግባቱንም ተወችው።

ፉአቲኖ ትመታት ነበር። ምን ይደበቃል! በኮኮናት ዘንግ መጥረጊያ፣ በሸበጧ፣ ሌላ ካጣች በመዳፏ። ጠልታት አይደለም፤ ኧረ እንዲያውም ነፍሷ ናት። «ሰው ከሚመታብኝ እኔው ልምታት» ነበር ሐሳቧ። እናት ካልቀጣች አክስት ትቀጣለች፣ አያት ይቀጣል፣ ከዚያ «ያባለገቻት እናቷ ናት» ይመጣል። ስለዚህ አንድ ኩባያ በተደፋ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የፉአቲኖ እጅ ነበር። ልቅሶው ሲበርድ ደግሞ ከዓሣው ራስ ላይ ጥሩ ጥሩውን ለይታ ታጎርሳታለች። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ፤ እሷ ግን መውደዱንም ማረሙንም ባንድ ቀን ነበር የምትጨርሰው።

ነገሩ የከፋው ልጅቷ ከፍ ብላ እንግዳ ማስተናገድ ስትጀምር ነው። አያቷ፣ የኤሊያ አባት ፋላኒኮ፣ የቤተሰቡ አለቃ፣ ማታይ የሚሉት ናቸው፤ መሬቱም፣ ስሙም፣ የመጨረሻው ቃልም በእሳቸው እጅ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሌላ መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ቤታቸው ተቀምጠው ሳሉ አሴናቲ ካካዎ እንድታደርስ ተላከች። የመጀመሪያውን ኩባያ ጎንበስ ብላ ያዘች። ሰሌኑ መሐል ስትደርስ ተንገዳገደችና ግማሹን አፈሰሰችው። ሁለተኛውን ይዛ ስትመጣ ግን ቀጥ አለች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከእንግዶቹ ራስ በላይ ምሰሶው ላይ ተክላ፣ «ቱሎ» እንኳን ሳትል፣ ቀስ እያለች ተራምዳ መጣች። ካካዎው ጠብ አላለም። ግን ማን ካካዎውን አየው! ሽማግሌዎቹ ማራገቢያቸውን አቆሙ።

«ይቺ የማን ናት?» አሉ አንዱ እንግዳ።

«የልጄ ልጅ ናት» አሉ ፋላኒኮ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

የኤሊያ እኅት ቫሲቲ ከኋላ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። ፉአቲኖን ዞር ብላ አየቻትና፣ «እሰይ! ንግሥት ወልደሽልናል። ዘውዱን ማን ይግዛላት?» አለች።

ፉአቲኖ ልጅቷን በክንዷ ጎትታ ወደ ኋላ ወሰደቻት። «በሽማግሌ ራስ ላይ ነው የምትሄጂው? እኔን ልታሰድቢ! እኔን ልታዋርጂ!» እያለች መጥረጊያው እጇ ላይ እስኪበታተን ገረፈቻት።

«እንዳይፈስ ብዬ ነው፣ እማ! እንዳይፈስ ብዬ…»

«አፍሽን ዝጊ!»

እንግዶቹ ሲሸኙ ሽማግሌው ምራታቸውን አስጠሩ። ራቅ ብላ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ባንቺ ላይ ቅሬታ የለኝም» አሉ። «ይቺ ግን ወይ ንቀት ገብቷታል፣ ወይ የሆነ ነገር ጎድሏታል። የልጆች እሑድ እየመጣ ነው። ያን ቀን በጉባኤው ፊት እንደ ሰው ልጅ ሄዳ፣ እንደ ሰው ልጅ ጥቅሷን ካለች፣ መልካም። ካላለች ከእናትሽ ዘንድ ትሂድና እዚያ ትደግ። የሰው መሳቂያ በቤቴ አላሳድግም።»

«እሺ አባባ» አለች ፉአቲኖ። ሌላ ምን ትበል!

በዚያ አገር ልጅ ከዘመድ ዘመድ ዞሮ ማደጉ ብርቅ አይደለም። ተፈልጎ መሄድና ተባርሮ መሄድ ግን ለየቅል ነው። ደግሞ ማዶ ያሉት እናቷ አርጅተዋል፤ ልጅቷ የሄደች እንደሆነ ፉአቲኖ የምታያት ለሠርግና ለቀብር ስትሻገር ብቻ ነው። ያን ቀን ጎደሬ እየላጠች ቢላው ሁለት ጊዜ ቆረጣት። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው የሚለው ሐሳብ ከራሷ አልወጣ አለ።

መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወሰደቻት። ወጌሻዋ አሮጊት የልጅቷን እግር ከጭኗ እስከ ጣቷ በኮኮናት ዘይት አሽተው፣ ጉልበቷን አጥፈው ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ይህ እግር ምንም አልጎደለው። ሌላ ቦታ ፈልጊ» ብለው መለሷት። ቀጥሎ ከዋናው ከተማ የልጆችን እንቅስቃሴ የምታይ ሉፔ የምትባል ሐኪም ወደ አውራጃው ሆስፒታል መጣች መባሉን ሰማች። ለአማቷ «ለጥርሷ ነው» ብላ ዋሽታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሉፔ ወጣት ናት፣ ወሬ አታበዛም። የአሴናቲን ጫማ አስወልቃ ስስ ፍራሽ ላይ እግሯን ገጥማ አቆመቻት። «ግድግዳው ላይ ያለችውን ዔሊ እያት። እሷን ብቻ።» ልጅቷ ጥቂት ተወዛወዘችና ቆመች። «ጎበዝ! አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ።» በጨፈነች ቅጽበት እንደ ተቆረጠ የሙዝ ግንድ ዘመመች፤ ሉፔ ሳትወድቅ ቀለበቻት። «አሁን ደግሞ ዓይንሽን ግለጪ፤ ጎንበስ ብለሽ የእግርሽን ጣት እዪ።» አሁንም ዘመመች።

ፉአቲኖ ደሟ ፈላ። «አውቃ ነው! የሚያባብላት ሰው ስታገኝ ነው እንዲህ የምትሆነው።»

«አውቃ አይደለም፣ እህቴ» አለች ሉፔ። «እኔና አንቺ ዓይናችንን ብንጨፍንም እንቆማለን። እግራችን፣ ጆሯችን ውስጥ ያለው ሚዛን፣ ሁሉም የት እንዳለን ለጭንቅላታችን ይነግሩታል። የእሷም ይነግሩታል፤ ግን ወሬው ይዘገያል፣ ይደበላለቃል። ስለዚህ የምትቆመው በዓይኗ ነው። ዓይኗ የማይነቃነቅ ነገር ከያዘ ትሄዳለች። መሬት መሬት ካየች፣ በዚያ ላይ ዕቃ ካሸከምሻት፣ የምትይዘው ታጣለች።»

«ብዙ ልጅ እንዲህ ይሆናል?»

«ከምታስቢው በላይ። ሰው ሰነፍ፣ ቀልበ ቢስ፣ ባለጌ ይላቸዋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ልምምድ ነው። እየቆየ ይሻሻላል፤ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም። ዱላ ግን…» አለችና ዓይኗ የልጅቷ ባት ላይ ባለው ሰንበር ዐረፈ። ፉአቲኖ የልጅቷን ቀሚስ ወደ ታች ሳብ አደረገች።

አውቶቡሱ ባሕሩን ይዞ ሲመለስ ፉአቲኖ በመስኮት ትመለከታለች እንጂ የምታየው ነገር የለም። እንዳይፈስ ብዬ ነው፣ እማ። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት በገዛ ራሷ ደርሳበት ኖሯል! ቀና ስል አይፈስም ብላ፣ እናቴ አትሰደብ ብላ ቀና አለች፤ እናቷ ደግሞ በዚያው ምክንያት መጥረጊያ ሰበረችባት። እንባዋ መጣና በሽርጧ ጫፍ ጠረገችው።

«እማ፣ ተቆጣሽ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ፊትሽ ተቆጥቷል።»

«ፀሐዩ ነው» አለች።

ያን ሳምንት ድፍረቷን ሰብስባ ፋላኒኮ ፊት ቀረበች። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገረቻቸው። በመጨረሻም፣ «በልጆች እሑድ ራሷን ቀና አድርጋ እንድትሄድ ይፍቀዱላት፣ አባባ። ከንቀት አይደለም» አለች።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ጉልበታቸውን አሹ። «ሐኪሟ የኛው አገር ልጅ ናት?»

«የኛው ናት፣ አባባ።»

«እንግዲያው አባቷ ምን አስተማራት? እኔ ይህ ጉልበቴ እንዲህ እያመመኝ አንድ ቀን በአባቴ ፊት ቀጥ ብዬ አላለፍኩም። የልጅ ራስ ከሽማግሌ ራስ በላይ ከሆነ ምን ቀረን? ኤሊያ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ኤሊያ የመረቡን ቀዳዳ ይጠግን ነበር። «እርስዎ እንዳሉ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ሰምተሻል» አሉ ፋላኒኮ። «ትንሽ ዝቅ ትበል። ትንሽ ብቻ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም።»

አይ ትንሽ! ያቺ ትንሽ ናት እኮ ልጅቷን የምትጥላት። ፉአቲኖ «እሺ» ብላ ወጣች፤ ተድራ ከመጣች ጀምሮ የአማቷን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሽር ወስና ነው የወጣችው። ቀና ብላ ሳትወድቅ ከሄደች ሰው ሁሉ ያያታል፣ በሰው ፊት ደግሞ ሽማግሌው አያባርሯትም ብላ አሰበች። ሌላ መንገድም አልነበራትም።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከአሳማዎቹ አጥር ወዲህ፣ ሰው ሳያያቸው ይለማመዱ ጀመር። አሴናቲ የዳቦ ፍሬውን ዛፍ ግንድ እያየች ስትሄድ ጥሩ ትሄዳለች። ጥቅሱን እያለች መሄድ ሲጨመርበት ትደናቀፍ ነበር፤ እሱንም ቀስ በቀስ ለመደችው። በልጆች እሑድ ልጆች ከበሩ ተነሥተው፣ በወንበሮቹ መሐል አልፈው፣ መድረኩ ጋ ደርሰው ወደ ሰው ዞረው ነው ጥቅሳቸውን የሚሉት። ፉአቲኖ ዘማሪ ስለሆነች መድረኩ አጠገብ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች።

«እንግዲህ እኔን ታያለሽ» አለቻት። «እኔ አልነቃነቅም። ዓይንሽን ከእኔ ላይ እንዳታነሺ።»

«ዛፉን ሳይ ይሻለኛል።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዛፍ የለም!»

እናቷን እያየች ስትሄድ ግን እርምጃዋ ይንቀጠቀጣል። ፉአቲኖ ምክንያቱ አልገባትም። ከሆስፒታሉ ወዲህ እጄን አላነሣባትም ብላ ለራሷ ምላ ነበር፤ መሐላዋንም ጠብቃ ቆየች። በመጨረሻው ሳምንት ግን አዲሱን ነጭ ቀሚስ ልኩን ልታይ አለበሰቻትና፣ «እስቲ በዚሁ ሂጂልኝ» አለቻት። ልጅቷ እናቷ አጠገብ ልትደርስ ስትል ተደናቅፋ የአሳማው ጭቃ ውስጥ ተዘረረች። ነጩ ቀሚስ! ጥፊው ፉአቲኖ ሳታስበው ጮኸ።

ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ።

«አመለጠኝ» አለች ፉአቲኖ። ቀሚሱን አውልቃ ይዛ፣ ጭቃው እስኪለቅ ስታሽ ዋለች።

የልጆች እሑድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ሆነ። በዚያ ቀን ልጅ አይቆጡም፤ ለልጅ ትልቁ ነው የሚያቀርበው፣ ቀድሞ የሚበላውም ልጅ ነው። ፋላኒኮ ከፊት ወንበር፣ በመተላለፊያው ዳር፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ቫሲቲ ከኋላቸው አንገቷን አስግጋ ትጠባበቃለች። ልጆቹ አንድ በአንድ መጥተው ጥቅሳቸውን አሉ። አንዱ ረሳ፣ አንዷ አለቀሰች፤ ሕዝቡ ለሁሉም ሳቀላቸው።

«አሴናቲ፣ የኤሊያ ልጅ» ተባለ።

በሩ ላይ ቆማ እናቷን ፈለገቻት። አገኘቻት። አንገቷን ቀና አድርጋ መጣች።

በወንበሮቹ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። «ተመልከት አኳኋኗን!» ያለ አለ። ፋላኒኮ ከዘራቸውን ጨበጡ። አሴናቲ አልሰማችም፤ የሰሌኑን መጋጠሚያ ተሻገረች፣ አንድ ልጅ ከዘረጋው እግር አመለጠች፣ በአያቷ አጠገብ አለፈች። ፉአቲኖ ትንፋሿን ይዛለች። ልጄ እየመጣች ነው! አትወስዷትም! ጥቂት እርምጃ ሲቀር መቻል አቅቷት ከወንበሯ ከፍ አለችና፣ «ነይ፣ ነይ የኔ እናት» ልትል እጇን አነሣች።

ልጅቷ ያኔ ታጠፈች። ሚዛኗ ጠፋና እግሯ ከሥሯ ተጣጥፎ ምንጣፉ ላይ በቂጧ ዱብ አለች። ከልጆቹ አንዱ ኪኪ አለ። ፉአቲኖ አለቀልኝ አለች በልቧ። አሴናቲ ግን አላለቀሰችም፣ ለመነሣትም አልሞከረችም። ተቀምጣ እንዳለች ወደ ሰው ዞረችና፣ ጥቅሷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳትስት፣ ጥርት ባለ ድምፅ አለችው።

ፋላኒኮ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ማሊየ!» አሉ ጮክ ብለው፣ እሰይ ማለታቸው ነው። የቀሩት ሽማግሌዎችም ተከትለው «ማሊየ! ማሊየ!» አሉ።

ቤት ሲደርሱ ልጆቹ በረድፍ ተቀምጠው ትልልቆቹ ማቅረብ ጀመሩ። ሽማግሌው ፉአቲኖን ጠሯት።

«ወደቀች ብለው የሚያወሩ አሉ» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ቫሲቲ ሰደድ አድርገው። «ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወርኩም። ስትመጣ አካሄዷ አናዶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከመናገሯ በፊት ግን ተቀመጠች። ታላቅ ሰው ባለበት ቆሞ መናገር የአሁን ዘመን ነገር ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን ተቀምጠን ነበር የምንናገረው። ይህን ማን አስተማራት? አንቺ ነሽ። ከቤቴ አትወጣም። ጨርሻለሁ።»

«አሳዳጊሽ ይባረክ» አለች ቫሲቲም፣ በግማሽ አፏ።

ፉአቲኖ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ዶሮውን፣ ጎደሬውን፣ ሊቀልጥ የደረሰውን አይስክሬም ትሪ ላይ ደርድራ፣ እንደ ቀኑ ደንብ በልጇ ፊት ጎንበስ ብላ «ቱሎ» እያለች ሄዳ ተንበረከከችላት።

«ሰማሽ አያትሽ ያሉትን? የትም አትሄጂም! ከኔ ጋ ነሽ!»

አሴናቲ አይስክሬሙን ጀመረች።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች ፉአቲኖ እየሳቀች፣ «እንዲያ አምሮብሽ መጥተሽ እኔ ጋ ስትደርሺ ምን ሆንሽ? ዓይንሽን ከእኔ ላይ አነሣሽ አይደል?»

«አላነሣሁም። አንቺን እያየሁ ነበር።»

«ታዲያስ?»

ልጅቷ ማንኪያውን ከአፏ አወጣች።

«እጅሽን አነሣሽ» አለች። «ልትመቺኝ መስሎኝ ነው ጎንበስ ያልኩት።»

ከኩሽናው ቫሲቲ፣ «ፉአቲኖ! ልጆቹ ውሃ ይላሉ!» ብላ ተጣራች። ፉአቲኖ አልሰማችም።

«ነይ ልልሽ ነበር እኮ» አለች። «የኔ ዓለም፣ ነይ ልልሽ ነበር።»

«እሺ እማ» አለች አሴናቲ። እንዳላመነቻት ከድምፅዋ ያስታውቃል። ፉአቲኖ ልታቅፋት ፈለገች፤ እጇን ማንሣት ግን ፈራች።